ቃሉን ከነጎረቤቱ ያዢው

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኝ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ አንዲት ወጣት የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«መምህር፣ እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። ቀላል ጽሑፍ አነባለሁ፣ ፊልምም በግማሽ ይገባኛል። ላለፉት 4 ወራት በቀን 30 ቃል ከነአማርኛ ትርጉሙ እየጻፍኩ ስሸመድድ ቆየሁ። 3 ደብተር ሞላሁ። እንግዳ ፊቴ ሲቆም ግን አንዱም አይመጣልኝም። በቀደም አንድ ሰውዬ 'ኢዝ ብሬክፋስት ኮምፕሊመንተሪ?' አለኝ። ደብተሬ ላይ ኮምፕሊመንት ማለት ሙገሳ፣ አድናቆት ነው። ቁርሳችንን ያደነቀ መስሎኝ 'ታንክ ዩ' አልኩት። ግራ ገብቶት ዝም ብሎ ሄደ። ምን ላድርግ? ትርጉም መሸምደዱን ልተወው? ፍቺውን በእንግሊዝኛ ልያዝ ወይስ በአማርኛ? ምሳሌ አረፍተ ነገር መጻፉስ ጊዜ አይበላም? በቀን ስንት ቃል ይበቃኛል?»

እህቴ፣ «ታንክ ዩ» በማለትሽ አትሸማቀቂ። በያዝሽው ትርጉም ከሄድን መልስሽ ልክ ነበር። ሰው ሲያደንቅ ይመሰገናል። ጉድለቱ ያለው ቃሉን በያዝሽበት መንገድ ላይ ነው። ያ ደግሞ አብዛኞቻችን ትምህርት ቤት የተማርንበት መንገድ ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ መሃል ላይ የእኩል ምልክት፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ቃል። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው። ማስተማር ስጀምርም ለዓመታት ሰሌዳ ላይ እንደዚያው ስጽፍ ነበር።

ያሳሳተሽ ያ የእኩል ምልክት ነው። ኮምፕሊመንተሪ ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ «የሚያሞግስ» ነው። ሁለተኛው «በነጻ የሚሰጥ» ነው። ሆቴል ውስጥ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ጊዜ የምትሰሚው ሁለተኛውን ነው፤ ኮምፕሊመንተሪ ወተር፣ ኮምፕሊመንተሪ ብሬክፋስት። ሰውየው የጠየቀሽ «ቁርሱ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል?» ነበር። በዚያ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የሚለየው፣ አነጋገሩ ግን አንድ የሆነ ሌላ ኮምፕሊመንተሪ አለ፤ «አንዱ የሌላውን ጎዶሎ የሚሞላ» ማለት ነው። ጆሮ ብቻውን ሦስቱን መለየት አይችልም። የሚለያቸው አጠገባቸው የቆመው ቃል ነው። ብሬክፋስት አጠገብ የቆመው ምንጊዜም የነጻው ነው። ደብተርሽ ላይ «ዘ ሆቴል ኦፈርስ ኮምፕሊመንተሪ ብሬክፋስት» የሚል አንዲት መስመር ብትኖር ኖሮ ሰውየው ጥያቄውን ሳይጨርስ ይገባሽ ነበር።

(እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል እየጻፍኩ ነው የምሄደው። አጻጻፉን መዝገበ ቃላት ገልጠሽ አንቺው እያየሽ ጻፊው፤ መግለጡ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው።)

ስለ ጎረቤት ስናወራ መጀመሪያ በራሳችን ቋንቋ እንየው። አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣን አለማምደው ነበር። አንድ ቀን አርፍዶ መጣ። «ይቅርታ፣ ሰዓቴን አልለበስኩም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ግን እንዲህ የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ልብስ ይለበሳል። ሰዓት ይታሰራል። ቀበቶ ይታጠቃል። ቀለበት ይጠለቃል። ኮፍያ ይደፋል፣ ጋቢ ይደረባል፣ መነጽር ይደረጋል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ «ዌር» የምትል አንዲት ቃል ይበቃዋል። ሰውየው ደብተሩ ላይ «ዌር» እኩል ይሆናል «ለበሰ» ብሎ ጽፎ ነበር። ደብተሩ አልዋሸውም። ጎረቤቶቹን ግን አልነገረውም።

አንቺ ሰዓት እንደሚታሰር ማን አስተማረሽ? ማንም። እናትሽ «ሰዓትሽን እሰሪ» ስትል ሺህ ጊዜ ሰምተሽ ነው። ምሳሌ አረፍተ ነገር የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው። ያንን ሺህ ጊዜ በጥቂቱ ይተካልሻል። በእንግሊዝኛ ዝናብ «ሄቪ» ነው፣ ነፋስ «ስትሮንግ» ነው። ቡናም «ስትሮንግ» ይባላል፤ እኛ ወፍራም የምንለውን። «ቲክ ኮፊ» ብትይው እንግዳው የሚያስበው እንደ ገንፎ የረጋ ነገር ነው። ይህን የትኛውም ፍቺ ብቻውን አይነግርሽም።

አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ እንዙር፤ አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት እንግሊዝኛ የሚሆንበት አለ። እኔን ብዙ ያስተማረኝ ይሄ ነው።

«አስታወሰ» የሚለውን ቃል ውሰጂ። «ልደቷን አስታወስኩ» እንላለን። «ልደቷን አስታወስኩት» ስንል ግን ሌላ ሰው እንዲያስታውስ ማድረጋችን ሊሆን ይችላል። «አስታውሺኝ» ስልሽ «አትርሺኝ» ማለቴም ሊሆን ይችላል፣ «እንዳልረሳ ንገሪኝ» ማለቴም። አማርኛ ሁለቱን ባንድ ግስ ይሸከማል፤ የሚለየው አገባቡ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ቃል አለው። ሪመምበር በራስሽ ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄድ ነው። ሪማይንድ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያስታውስ የምታደርጊው ነገር ነው።

አንድ ተማሪዬ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ «ፕሊዝ ሪመምበር ሚ ቱ ኮል ማይ ማዘር» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ውስጥ ስህተቱን ያየ አልነበረም። ሁሉም ደብተር ላይ ሁለቱም ቃላት «አስታወሰ» ተብለው ተጽፈዋልና። ከዚያ የእንግሊዝኛ ፍቺዎቹን ጎን ለጎን አነበብን። በሪማይንድ ፍቺ ውስጥ «ሰምዋን» የሚል ቃል አለ፤ «አንድን ሰው» ማለት ነው። በሪመምበር ውስጥ የለም። ልጁ ጠመኔውን ይዞ ትንሽ ቆመና ሪመምበርን አጥፍቶ ሪማይንድ ጻፈ። ከዚያ ዘወር ብሎ «ሰው ካለበት ሪማይንድ ነዋ» አለ። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ የእሱ አባባል ነው ክፍሉ ውስጥ የቀረው።

እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙ ናቸው። «ዕድል» በአንድ በኩል ለክ ነው፣ በሌላ በኩል ቻንስ፣ ኦፖርቹኒቲ ደግሞ ሌላ ነው። «ቲቪውን ክፈቺው» ስለምንል ተማሪዎቼ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ይላሉ። እንግሊዝኛው ግን «ተርን ኦን» ነው፤ «ኦፕን» በርና መስኮት ነው። «ተበደረ»ና «አበደረ» በእኛ አንድ ሥር ናቸው። እዚያ ቦሮውና ሌንድ ተብለው ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ይሆናሉ።

እንግዲህ «ፍቺውን በየትኛው ቋንቋ?» ላልሽው፣ መልሴ እንደ ቃሉ ይለያያል ነው። የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ከሆነ በአማርኛ ያዢውና እለፊ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደሽ ያንን ራሰ በራ፣ ረጅም እግር፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ አስቢ። «ማራቡ ስቶርክ» ማለት አባ ኮዳ ነው። አለቀ። ስለ ምንቃሩ ርዝመት ሦስት መስመር የእንግሊዝኛ ፍቺ ማንበብ አያስፈልግሽም። ቲላፒያ ቆሮሶ ነው። ካትፊሽ አምባዛ ነው። እንግዳ ሲጠይቅሽ በኩራት ንገሪው።

ቃሉ ስሜት፣ ሐሳብ ወይም ግንኙነት ከሆነ ግን መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ፍቺ አንብቢ። አማርኛውን ኋላ ለማረጋገጫ ተጠቀሚበት። በመካከለኛ ደረጃ የምታገኚያቸው አብዛኞቹ ቃላት እንዲህ ዓይነት ናቸው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ አፋቸውን የፈቱት በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ ነው። ለእነሱ የአማርኛው ትርጉም ሁለተኛ ድልድይ ነው። ሁለት ድልድይ ላይ ብዙ ነገር ይንጠባጠባል። አንቺም ከእነሱ አንዷ ከሆንሽ ማረጋገጫውን በአፍ መፍቻሽ አድርጊው። ማንም አይከለክልሽም።

«የእንግሊዝኛው ፍቺ ራሱ ካልገባኝስ?» ትይኝ ይሆናል። ለዚህ ቀደም ብለው ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። በያኔዋ ሕንድ፣ ቤንጋል ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1935 ከባልደረባው ጋር 24,000 ያህል ቃላትና አባባሎችን በ1,490 ቀላል ቃላት ብቻ ፈታ። ሎንግማን የሚባለው አሳታሚ በ1978 ይህን ሐሳብ ይዞ ፍቺዎቹ ሁሉ በ2,000 ገደማ ቃላት የተጻፉበት የተማሪ መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1987 ደግሞ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር የመራው ኮቢልድ የሚባል መዝገበ ቃላት መጣ። እሱ ፍቺውን ራሱን ሙሉ አረፍተ ነገር አደረገው፤ «አንድ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ ሪላክታንት ከሆነ፣ ማድረግ አይፈልግም ማለት ነው» በሚል መልክ። ምሳሌዎቹም ሰዎች በእውነት ከተናገሩትና ከጻፉት ተሰብስበው የተወሰዱ ነበሩ። ስለዚህ የምትገልጪው መዝገበ ቃላት ለተማሪ የተዘጋጀ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ። ለአገሬው ተናጋሪ የተጻፈውን ከከፈትሽ አንዱን ቃል ለማወቅ ሌላ አምስት ቃል ትፈልጊያለሽ። የኦክስፎርድ፣ የሎንግማንና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ድምፁንም ያሰሙሻል።

አሁን አንድ ገጽ አብረን እንሥራ። «አፎርድ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ደብተርሽን ፈልጊ፤ ምናልባት «አፎርድ እኩል ይሆናል አቅም አለው» ብለሽ ይዘሽዋል። ትክክል ነው፣ ግን በዚህ ብቻ ከሄድሽ «ሂ ኢዝ አፎርድ» ትያለሽ። እንደዚያ የሚል ሰው የለም።

አዲስ ገጽ ግለጪ። ላይ ቃሉን ጻፊና ጉልበቱ ያረፈበትን ክፍል አስምሪበት፤ «ፎርድ» የሚለው ላይ ነው። ከሥሩ ፍቺውን በእንግሊዝኛ፣ አንዱን ብቻ። «ቱ ሃቭ ኢናፍ መኒ ኦር ታይም» ብሎ ይጀምራል፤ አንድን ነገር ለመግዛት ወይም ለማድረግ በቂ ገንዘብ ወይም ጊዜ መኖር ማለት ነው። ሌሎቹን ፍቺዎች ለጊዜው ተያቸው። ከዚያ የመዝገበ ቃላቱን ምሳሌ ገልብጪ፤ «ዊ ካንት አፎርድ ኤ ኒው ካር» ዓይነት ነገር ታገኚያለሽ። እዚህ ጋ እስክሪብቶሽን አቁሚ። ሁለት ሦስት ምሳሌ አንብቢና ቃሉ አጠገብ ማን እንደቆመ ተመልከቺ። ከፊቱ ካን፣ ካንት ወይም ኩድ አለ። ከኋላው ዕቃ ይመጣል፣ ወይም «ቱ» ከነግሱ። እነዚህን አስምሪባቸው። ጎረቤቶቹ እነሱ ናቸው።

ከዚያ የራስሽ አረፍተ ነገር። ለዚህ አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ እውነት ይሁን። «አይ ካንት አፎርድ ኤ ፕሌን» ሰዋስው አልተሳሳተም፣ ግን ነገ አታስታውሺውም። ስለ አውሮፕላን አስበሽ አታውቂማ። «አይ ካንት አፎርድ ኤ ባጃጅ ኤቭሪ ደይ፣ ሶ አይ ዎክ ቱ ወርክ» ብለሽ ብትጽፊስ? ነገ ጠዋት በእግርሽ ስትሄጂ ባጃጅ ባለፈሽ ቁጥር ቃሉ ይመጣል። ከዚያ በሥራሽ አንድ ጨምሪ። «ዊ ካንት አፎርድ ቱ ሉዝ ዚስ ገስት»፤ ይህን እንግዳ ማጣት አያዋጣንም ነው። አፎርድ ከገንዘብም ያልፋል ማለት ነው፤ ይህን ሳትሸመድጂው አገኘሽው።

ለዚህ ገጽ 6 ወይም 7 ደቂቃ ይበቃል። ጊዜ ይበላል ብለሻል፣ እውነት ነው ይበላል። ግን 30 ቃል በአንድ ሰዓት ጽፎ ከወር በኋላ አንድም አለማግኘት የበለጠ ይበላል።

ምሳሌ ስትመርጪ ግን ተጠንቀቂ። ሁሉም ምሳሌ አያስተምርም። «ሂ ኢዝ ሪላክታንት» የሚል ዓረፍተ ነገር ብትገለብጪ ምንም አልያዝሽም። ሪላክታንት በሚለው ቦታ «ረጅም»ን ብታስገቢበት፣ «ሀብታም»ን ብታስገቢበት ይሄዳል። አሁን ይህን ተመልከቺ፤ «ሺ ዋዝ ሪላክታንት ቱ ሌንድ ሂም መኒ፣ ቢኮዝ ሂ ኔቨር ፔይስ ኢት ባክ።» ገንዘብ ልታበድረው ቅር አላት፣ ምክንያቱም መልሶ አያውቅም። ቃሉን በጣትሽ ሸፍኚው። የቀረው አረፍተ ነገር የሴትዮዋን ፊት ያሳይሻል። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደድ አድርጋ ስታመነታ ይታይሻል። የጎደለው ቃል ምን ዓይነት ትርጉም እንዳለው ማንም ይገምታል። ጥሩ ምሳሌ ይህ ነው። ቃሉን ስትሸፍኚ ቦታው ሌላ ቃል አያስገባም። የራስሽንም አረፍተ ነገር በዚህ ፈትኚው። ካልያዘ «ቢኮዝ» ብለሽ ምክንያት ጨምሪበት። አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል።

ምሳሌ ከፍቺ የሚበልጥበት ሌላም ቦታ አለ። እኛ «ስለ ደመወዝ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንላለን። እንግሊዝኛ ዲስከስ ሲል «አባውት»ን አይፈልግም። «አስረዳኝ» አንድ ቃል ስለሆነ «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን። ትክክሉ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን፤ እነሱ «ሜሪድ ቱ» ይላሉ። የእነዚህን ቃላት ፍቺ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዲግሪ የያዘ ሰው ሳይቀር ሲሳሳትባቸው እሰማለሁ። ምክንያቱ ፍቺውን ይዘን አረፍተ ነገሩን ስላልያዝን ነው።

አሁን «እንግዳ ፊቴ ሲቆም አይመጣልኝም» ወዳልሽው። ይህ ከአያያዝሽ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከአከላለስሽም ነው። ማታ ደብተሩን ገልጠሽ ደጋግመሽ ታነቢያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ሁሉንም የምታውቂው ይመስልሻል። ደስ ብሎሽ ትተኛለሽ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ያንቺን ማታ በደንብ ይገልጸዋል። ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በግልጽ በለጡ። ያንቺ እንግዳ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ለእኛ አገር ይህ አዲስ መሆን አልነበረበትም። የአብነት ተማሪ ቀን ንባቡን ያነባል፤ ማታ ግን የቃል ትምህርት ነው። ጨለማ ውስጥ መጽሐፍ ሳያይ ከራሱ እያወጣ ይወጣዋል። ሲሳሳት የኔታ ያርሙታል። የሚያስቀርለት ያ ማውጣቱ ነው።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። የሳሙና ወይም የጫማ ካርቶን ፈልጊና በ5 ክፍል ለያዪው። ሰባስቲያን ላይትነር የሚባል ጋዜጠኛ በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል የእጅ መዳፍ የምታህል ወረቀት ቁረጪ። ከፊት የራስሽን አረፍተ ነገር ጻፊ፣ ቃሉን ግን ባዶ ተዪው። ከኋላ ቃሉንና አጭር ፍቺውን ጻፊ። ከፊት የአማርኛ ቃል ብቻ እንዳትጽፊ፤ ወደ እኩል ምልክቱ ትመለሻለሽ። አዲስ ወረቀት የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ በየቀኑ ይታያል። ቃሉ ከመጣልሽ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ በ3 ቀን አንዴ ይታያል። ሦስተኛው በሳምንት፣ አራተኛው በ2 ሳምንት፣ አምስተኛው በወር። ካልመጣልሽ የትም ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስትመልሺው አትናደጂ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው የምንረሳው መጀመሪያ አካባቢ በጣም ይፈጥናል፣ ኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ካርቶኑ የተሠራው ለዚያ ነው። ወረቀት የሚያሰለችሽ ከሆነ አንኪ የሚባለው አፕ ቀኑን ራሱ እየቆጠረ ይጠይቅሻል፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ በነጻ ነው። አረፍተ ነገሩን ግን አንቺው ጻፊ፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን አውርደሽ አትጫኚ።

ወረቀቷን ስታነሺ ደግሞ ድምፅ አውጪ። በዓይን ብቻ የተማርሽው ቃል ካፍሽ አይወጣም።

በቀን ስንት? 7 በቂ ነው፤ በሳምንት 5 ቀን። ቅዳሜና እሁድ አዲስ አትጨምሪ፣ ካርቶኑን ብቻ እዪ። በዓመት ወደ 1,800 ይመጣል። ትንሽ ከመሰለሽ እስቲ ይህን እንይ። የቃላት ትምህርትን ሲያጠና የኖረው የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን እንደሚለው በጣም የተለመዱት 2,000 የቃል ቤተሰቦች ከአንድ ተራ ጽሑፍ 80 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ቤተሰብ ሲል ወርክ፣ ወርከር፣ ወርክድ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። አንቺ እዚህ አካባቢ ነሽ። ከየ5 ቃል አንዱ ያመልጥሻል ማለት ነው፤ ፊልም በግማሽ የሚገባሽም ለዚህ ነው። ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ ችግር ለማንበብ 98 በመቶ ያስፈልጋል፣ ለዚያም ከ8,000 እስከ 9,000 ቤተሰብ። መንገዱ ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹን 2,000 ቃላት በየቀኑ ስለምታገኚያቸው እነሱ ራሳቸው ያስታውሱሻል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን በወር አንዴ ብታገኚያቸው ነው። መካከለኛ ደረጃ ላይ ብዙ ሰው ቆሞ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቃሉ ራሱ ካልመጣልሽ አንቺ በአረፍተ ነገርሽና በካርቶንሽ ታመጪዋለሽ።

የትኞቹን ቃላት? ከፊደል ተራ ዝርዝር አትነሺ። ከዴስክሽ ተነሺ። አቬይለብል፣ ዲፖዚት፣ ሪፈንድ፣ አኮሞዴት፣ ኢንክሉድድ። «አይም አፍሬይድ»ን አትርሺ። ደብተርሽ «ፈራሁ» ይልሻል። «አይም አፍሬይድ ዊ ሃቭ ኖ ሩምስ ቱናይት» የሚል ሰው ግን ምንም አልፈራም። «አዝናለሁ፣ ዛሬ ክፍል የለንም» እያለ ነው፤ ክፉ ወሬ በጨዋ ደንብ መንገሪያ ነው። ለአንድ ሪሴፕሽኒስት ይህች ብቻ የአንድ ሳምንት ትምህርት ትሆናለች። ከዚያ ውጪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያጋጠመሽን ቃል ያዢ። አንድ ጊዜ ብቻ ያየሽው ይለፍሽ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ዩኒቨርሲቲ ካለሽ ለእነሱ ሌላ ነው፤ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው 570 የትምህርት ቃል ቤተሰቦች ዝርዝር አለ። ከዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት 10 በመቶ ያህሉን የሚሸፍን ነው። ለአንቺ ሥራ አሁን አይቸኩልም።

ሦስቱን ደብተሮች እንዳትጥያቸው። የመጀመሪያውን ክፈቺና የአማርኛውን ረድፍ በወረቀት ሸፍኚ። በእያንዳንዱ ቃል ላይ ቆመሽ ስለራስሽ አንድ እውነተኛ አረፍተ ነገር ጮክ ብለሽ ለማለት ሞክሪ። ከቻልሽ ሰርዥው፤ ያንቺ ነው። ጨርሶ ካላወቅሽው እለፊው። «አውቀዋለሁ፣ ግን እንዴት እንደምለው...» የምትይበትን ክበቢው። የሰኞ 7 ቃላትሽ ከተከበቡት ውስጥ ይውጡ። አራት ወር የደከምሽበት እዚያ ክብ ውስጥ ነው ያለው፤ ግማሽ መንገድ መጥቷል።

የመጀመሪያዋ ወረቀት ግን የኮምፕሊመንተሪ ትሁን። ከፊቷ የሚቀጥለው እንግዳ ሲጠይቅሽ የምትመልሺውን፣ ቃሉን ባዶ ትተሽ፣ ጻፊባት፤ «የስ፣ ብሬክፋስት ኢዝ ኮምፕሊመንተሪ። ኢት ስታርትስ አት ሰቨን።» ሰቨን ያልሽው በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት መሆኑን ከኋላዋ ላይ አስፍሪ፤ ሲጣደፉ እሱም ይምታታል።